ወፍጮ ቤት ውስጥ በገና፦ የአሮጌ ሚያታ መኪና ስፒከር ቅየራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

የዚህ ሥራ መነሻ እናቴ ናት። ባለፈው እሑድ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ይዣት ስሄድ በገና ከፈትኩላት። ሁዳዴ ሊገባ ነው። በጾሙ ከበገና ሌላ አትሰማም። አባቷ በገና ደርዳሪ ስለነበሩ ጆሮዋ ከልጅነቷ የተገራ ነው። ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ፣ ላይ እንደወጣን ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች። ቆየት ብላ፣ «ከፍተኸዋል እንዴ ልጄ?» አለችኝ። ቴፑ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። «አይ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ በገና እንዴት ይሰማል!» ብላ ተወችው። የዊልሰንን ድልድይ ተሻግረን እስክንደርስ ድረስ ሁለታችንም አልተነጋገርንም። ያ ዝምታ ሳምንቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ከረመ።

መኪናዋ የ1992 ማዝዳ ሚያታ ናት። ሁለት መቀመጫ፣ ሸራ ጣሪያ፣ ሲበራ ከኮፈኑ ብቅ የሚል የፊት መብራት። 1.6 ሊትር ሞተሯ 116 የፈረስ ጉልበት አለው። ክብደቷ አንድ ቶን አካባቢ ነው። ሚያታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት የሞላት መኪና የአንቲክ (የጥንት መኪና) ሰሌዳ ማውጣት ትችላለች። የእኔዋ ይህን ዕድሜ ካለፈች ቆይታለች።

ጩኸቷ ብልሽት አይደለም። ማዝዳዎች ሲሠሯት የያዙት ሐሳብ «ጂንባ ኢታይ» ይባላል። ፈረሱና ጋላቢው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ቀለል አድርገው ሠሯት። ድምፅ የሚያፍን ወፍራም ምንጣፍ፣ ድርብ ላስቲክ፣ ከባድ በር የላትም። የማርሚታውን ድምፅ ሳይቀር እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ቃኝተውታል። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስትጎትት የምታሰማውን ድምፅ እወደዋለሁ። ያንን ማጥፋት አልፈልግም።

ስለዚህ ከመጀመሬ በፊት ለራሴ ወሰን አበጀሁ። ማርሚታው አይነካም። ከ10 ኪሎ በላይ ክብደት አልጨምርም። ወጪው 400 ዶላር አካባቢ ይሁን። ሆሣዕና ዕለት ደግሞ እናቴ እዚያው መቀመጫ ላይ ሆና በገና ትሰማለች።

እሑድ፣ የካቲት 16

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጩኸቱን በዴሲቤል፣ በድምፅ መጠን መለኪያ፣ መለካት ጀመርኩ። የስልክ መለኪያ ትክክለኛውን ቁጥር ላይሰጥ ይችላል። ግን ያው ስልክ፣ ያው ቦታ ላይ ታስሮ፣ በዚያው መንገድና ፍጥነት ከተለካ ለማወዳደር ይበቃል። ስልኩን በሁለቱ መቀመጫዎች መሃል፣ በትከሻ ቁመት አሰርኩት።

ሞተሩ ተነስቶ ቆማ፣ 57 ዴሲቤል። በሰዓት 35 ማይል፣ 71። በሰዓት 55 ማይል፣ ሸራው ተዘግቶና መስኮቱ ተነስቶ፣ 81። ሸራው ሲወርድ ወደ 86 ወጣ።

እዚህ ላይ ቁም ነገር አለ። ዴሲቤል እንደ ኪሎ ወይም እንደ ሜትር አይደመርም። 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕሊፋየሩ (የድምፅ ማጉያው) ኃይል እጥፍ መሆን አለበት። ጆሯችን «አሁን እጥፍ ሆነ» የሚለው ግን ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው። ለዚያ ደግሞ 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። የቴፑን የ20 ዋት ድምፅ እጥፍ አድርጌ ልስማ ካልኩ 200 ዋት ልገዛ ነው። 81 ዴሲቤል ጩኸት ላይ በኃይል ብቻ መውጣት ማለት ዳገትን በሩጫ መጨረስ ነው።

የጆሮም ጉዳይ አለ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለሠራተኞች ያስቀመጠው ወሰን 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት፣ 91 ከሆነ 2 ሰዓት፣ 94 ከሆነ 1 ሰዓት ብቻ። ጩኸትን በጩኸት አልፋለሁ የሚል ሰው የሚከፍለው በጆሮው ነው። እናቴ 70ን ያለፈች ሴት ናት። ያላትን ጆሮ መጠበቅ አለብኝ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ተወሰነ። መጀመሪያ ጩኸቱን መቀነስ። ከዚያ በትንሽ ኃይል ብዙ ድምፅ የሚሰጥ ስፒከር መፈለግ። ኃይል መጨመር የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ዛሬ ጋሼ መጡ። ፎቅ ቤታችን ውስጥ ከታች የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። በወጣትነታቸው ፒያሳ ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ዕድሜያቸውን በታክሲ ነው የገፉት። ካቻቢቴና ፒንሳ ሲያዩ ግን ዓይናቸው ይበራል።

የመስኮቱን ማዞሪያ እጀታ የያዘችው ቀለበት አላወጣ አለችኝ። ጋሼ ጨርቅ አምጣ አሉኝ። ጨርቁን ከእጀታው ጀርባ አስገብተው እንደ ጫማ ጠራጊ ወዲያ ወዲህ ሳቡት። ቀለበቷ ጠብ አለች። «ይሄ የፊያት ብልሃት ነው» አሉኝ።

የበሩን ሽፋን ስናነሳ ያየነው አሳዘነኝ። የድሮው ስፒከር ወረቀቱ ውሃ ጠጥቶ ደርቋል፤ ዙሪያው ያለው ስፖንጅ ሲነካ ዱቄት ሆነ። እርጥበት የሚከለክለው ላስቲክ ተቀዷል። የበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች አሉ፤ በአቧራና በቅጠል ተደፍነዋል። በፕላስቲክ ማሰሪያ ስጎረጉራቸው ግማሽ ስኒ የሚሆን ጥቁር ውሃ ወጣ። ዝገት ገና አልጀመረም፤ ተመስገን። አሮጌ ሚያታ ያለው ሰው ስፒከር ባይቀይር እንኳ እነዚህን ቀዳዳዎች ዛሬውኑ ይይ። ከመቀመጫው ጀርባ፣ የሸራው ውሃ የሚወርድባቸውንም እንዲሁ። እነሱ ከተደፈኑ ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ከበሩ ሥር ያለውን ላሜራ ከውስጥ ይበላዋል።

ጋሼ በበሩ ላሜራ ላይ ያሉትን ትላልቅ ክፍተቶች በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ስፒከሩ ምንም አላጠፋም። ሳጥን የለውም» አሉኝ።

«በሩ ራሱ ሳጥኑ አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«ወንፊት ሳጥን ይሆናል? በገናን ከሳጥኑ ነጥለህ አውታሩን ብቻ ብትመታው ምን ይሰማሃል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው አየሩ ይሳባል። የፊቱና የኋላው ሞገድ ተቃራኒ ናቸው። በመካከላቸው ግድግዳ ከሌለ ይገናኙና ይጣፋሉ። በተለይ ወፍራሙ ድምፅ። የ1,000 ዶላር ስፒከር እንኳ ወንፊት በር ላይ ቢታሰር ቀጭን ሆኖ ነው የሚሰማው። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት፣ ስፒከር ከመግዛት በፊት ሳጥኑን መሥራት።

እሑድ፣ የካቲት 23

ምንም አልሠራሁም። ሰንበት ነው፤ ዝናብም ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ቡቲል። ጀርባው አልሙኒየም፣ ፊቱ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ ከባድ ላስቲክ ነው። ብዙ ሰው ድምፅ ይከለክላል ብሎ ይገዛዋል። ዋና ሥራው ግን ያ አይደለም። ላሜራው እንዳይንቀጠቀጥ ያደርጋል። በጣት ሲንኳኳ እንደ ባዶ ጣሳ የሚጮኸው በር፣ ቡቲል ሲለጠፍበት እንደ ወፍራም ጣውላ «ዱብ» ይላል። ለዚያ ደግሞ ጠቅላላውን መሸፈን አያስፈልግም። የሰፊው ላሜራ መሃል፣ ሲሶ ያህሉ ቢሸፈን ይበቃል። ከዚያ በላይ ክብደት መጨመር ብቻ ነው።

ላሜራውን በአልኮል ጠረግሁ። ብርድ ስለነበር ቡቲሉ እንደ እንጨት ደርቆ አልታጠፍ አለ። እናቴ የፀጉር ማድረቂያዋን ይዛ ወረደች። እሷ ስታሞቅ እኔ በትንሽ የእጅ ሮለር ስጫነው ሁለቱ በሮች በሦስት ሰዓት አለቁ።

ትላልቆቹን ክፍተቶች በቀጭን አልሙኒየም ሉህ ዘጋሁ። በብሎን ነው ያሰርኳቸው፤ ነገ መስኮቱ ቢበላሽ መፈታት አለባቸው። የውሃ ማፍሰሻዎቹን ከፍቼ ተውኩ። የእርጥበት መከላከያውንም በአዲስ ላስቲክ ተካሁት።

አንድ ስህተት ሠራሁ። የግራው በር ውስጥ፣ መስታወቱ የሚወርድበት መስመር ላይ አንድ ቁራጭ ለጥፌያለሁ። መስኮቱን ሳወርድ ሲፋቅ ሰማሁት። ለጥፎ ማንሳት ከመለጠፍ አሥር እጥፍ ይከብዳል። የሚሠራ ሰው እያንዳንዱን ቁራጭ ከመለጠፉ በፊት መስኮቱን አንድ ጊዜ ያውርድ፣ ያንሳ።

ማክሰኞ ማታ፣ መጋቢት 2

ከሥራ መልስ ከመቀመጫዎቹ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ አነሳሁ። የኋላ ጎማዎቹ ድምፅ የሚገባው በዚያ ነው። ድምፅ ለመከልከል ከበድ ያለ ነገር ያስፈልጋል። ከሥር ስፖንጅ፣ ከላይ ወፍራም ቪኒል። ስፖንጁ ውሃ የማይጠጣ ዓይነት መሆን አለበት፤ ክፍት ጣሪያ ባላት መኪና ውስጥ ውሃ የሚይዝ ነገር ከምንጣፍ ሥር ማስቀመጥ ዝገት መጋበዝ ነው።

ከዚያ የአንድ ዶላር ኖት ፈተና። ኖቱን በመስኮቱና በላስቲኩ መሃል አድርጌ በሩን እዘጋና እስባለሁ። ላስቲኩ በደንብ ከያዘ ኖቱ እየከበደ ይወጣል። ቀኝ በኩል፣ ከመስታወቱ የኋላ ጥግ ላይ፣ ራሱ ወደቀ። ነፋሱ የሚያፏጨው በዚያ ነው። የመስታወቱን ማስተካከያ ብሎን ፈትቼ ወደ ውስጥ ትንሽ አስገባሁት። ላስቲኩን በሲሊኮን ቅባት አሸሁት፤ ደርቆ ነበር። ይህ ሥራ አንድ ሳንቲም አላስወጣኝም።

በማግሥቱ በዚያው መንገድ፣ በዚያው 55 ማይል ለካሁ። 81 የነበረው 77 ሆነ። 4 ዴሲቤል በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ጆሮ የሚደርሰው የጩኸት ኃይል ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። ማርሚታው ግን አሁንም ይዘፍናል። እንዲያውም የነፋሱ ፉጨት ስለቀነሰ የበለጠ ጠርቶ ይሰማል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

የስፒከር ግዢ። ሳጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን «300 ዋት» ማየት ትቻለሁ። ያ ስፒከሩ ስንት እንደሚችል እንጂ ስንት እንደሚሰጥ አይናገርም። የምፈልገው ቁጥር በትንሹ ነው የሚጻፈው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ይሰጣል?

ሁለት አማራጭ ነበረኝ። አንዱ 88፣ ሌላው 92። የ4 ዴሲቤል ልዩነት ወደ 2.5 እጥፍ ኃይል ነው። ባለ 92ቱ በ40 ዋት የሚሰጠውን ድምፅ ባለ 88ቱ የሚሰጠው በ100 ዋት ነው። ጸጥ ባለ ሳሎን ውስጥ ባለ 88ቱን ልመርጥ እችል ነበር፤ ወፍራሙ ድምፁ ያምራል። በዚህች መኪና ውስጥ ግን ያንን ወፍራም ድምፅ ጎማው ይበላዋል። ባለ 92ቱን ወሰድኩ።

ዓይነቱ ኮምፖነንት ነው። 6.5 ኢንች ዋናው ስፒከር በሩ ላይ፣ ትዊተሩ፣ ማለትም የቀጭን ድምፅ ስፒከሩ፣ ለብቻው። የሚያታ የበር ስፒከር የተቀመጠው ከተሳፋሪው ባት አጠገብ ነው። ወፍራም ድምፅ ዙሪያውን ይዞራል፣ ግድ የለውም። ቀጭኑ ድምፅ ግን እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። እግር ሥር ከተቀመጠ እግር ነው የሚሰማው። ትዊተሩን ከመስታወቱ ጥግ ላይ ካለችው ሦስት ማዕዘን፣ ከፊት አቅጣጫ ወደ ጆሮ አዞርኩት።

አንዳንድ ሚያታዎች ከፋብሪካው በራስ መደገፊያው ውስጥ ትናንሽ ስፒከሮች ይዘው መጥተዋል። የእኔዋ የላትም። ማስገባት አስቤ ነበር፤ ድምፅ ወደ ጆሮ ሲቀርብ ጥቅሙ ብዙ ነው። ነገር ግን በገናው ከኋላ እንዲመጣ አልፈለግሁም። ደርዳሪ ከፊት ነው የሚቀመጠው።

ጥልቀት ሌላው ፈተና ነው። መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ፣ ከበሩ ላሜራ እስከ መስታወቱ ያለውን ለካሁ። የስፒከሩ ማግኔት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይነካል። ስለዚህ ስፒከሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀለበት አስፈለገ። የተጨመቀ የእንጨት ዱቄት ጣውላ አይሆንም፤ በሩ ውስጥ ውሃ አለ፣ ያብጣል። ከወጥ ቤት ዕቃ መደብር በ9 ዶላር ወፍራም የፕላስቲክ መክተፊያ ገዛሁ። ፖሊኢትሊን ነው፤ ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰብስም፣ በመጋዝ በቀላሉ ይቆረጣል። ከአንድ መክተፊያ ሁለት ቀለበት ወጣ። በቀለበቱና በላሜራው መሃል ስስ ስፖንጅ አድርጌ አጠበቅሁ። ጋሼ ቀለበቱን ገልብጠው እያዩ፣ «በእኛ ጊዜ ይሄ ቢኖር!» አሉ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ገመድ። ሚያታ እዚህ ላይ ትረዳለች፤ ባትሪዋ ከፊት ሳይሆን ከኋላ ኮፈን ውስጥ ነው ያለው። አምፕሊፋየሩንም (አምፑን) እዚያው አስቀመጥኩት። በሌላ መኪና ከሞተር ክፍል እስከ ኋላ 5 ሜትር የሚሄደው ቀይ ገመድ እኔ ጋ አንድ ሜትር አልሞላም።

ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ነው። ይህ የማይቀር ነገር ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ብቻ አይደለም፤ ገመዱን ነው። ገመዱ ተልጦ ላሜራ ቢነካ፣ ፊውዙ በሌላው ጫፍ ከሆነ በመሃል ያለው ሁሉ እንደ ምድጃ ይግላል። በርካሽ የሚሸጠው ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። የውፍረት ቁጥሩ ያው ሆኖ የሚያሳልፈው ግን ከንጹሕ መዳብ በጣም ያንሳል። ንጹሕ መዳብ ገዛሁ።

አምፑ በአንድ ወገን 75 ዋት ይሰጣል፤ ሳያቋርጥ። ቴፑ ላይ «50 በ4» ተጽፏል፤ ያ ለቅጽበት የሚወጣው ጣሪያ ነው፤ ሳያቋርጥ የሚሰጠው 20 ዋት አካባቢ ነው።

ከጋሼ ጋር የተከራከርነው ስለ ስታኞ ነው። እሳቸው ገመድ ሁሉ በስታኞ ይበየድ ባይ ናቸው።

«ጋሼ፣ የበሩ ማጠፊያ ላይ ግን ይቅርብን። ስታኞ የጠጣ ሽቦ ይደርቃል። በሩ በተከፈተ ቁጥር እዚያው ላይ ይታጠፍና ይሰበራል።»

ትንሽ አሰቡ። «ልክ ነህ። ራዲዮ በር የለውም» አሉኝ።

ስለዚህ ከአምፑ እስከ ስፒከሩ ያለ አንዳች መገጣጠሚያ አንድ ወጥ ገመድ ሳብን። በበሩና በአካሉ መሃል ባለችው የላስቲክ ቱቦ ውስጥ ማሳለፉ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። ገመዱን ሳሙና ቀባነው፤ ከዚያ ሄደ።

ፕላስና ማይነሱን ጋሼ በ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ አረጋገጡ። የባትሪው ፕላስ የስፒከሩን ፕላስ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ወደ ውጭ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ከሆነ ሁለቱ በሮች እርስ በርስ ይጣፋሉ። ሁለቱም ወደ ውጭ ወጡ።

እሑድ፣ መጋቢት 14፣ ደብረ ዘይት

ከቅዳሴ መልስ ከፈትኩት። ቆማ ሳለች ድምፁ ግሩም ነው። ሞተሩን ሳስነሳ ግን ቀጭን ፉጨት ገባ። ጋዝ ስሰጥ ፉጨቱም አብሮ ወደ ላይ ይወጣል። እናቴ ከላይ በመስኮት እያየችኝ ነበር። ዛሬ አላስገባኋትም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ፉጨቱ ሁለት ምክንያት ነበረው።

አንደኛው ማሳው ነው። የአምፑን ማይነስ ያሰርኩት ቀለም በተቀባ ብሎን ላይ ነበር። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ግንኙነቱ በብሎኑ ጥርስ ብቻ ሆነ። ቴፑ ማሳውን ከክሩስኮቱ በኩል፣ አምፑ ከኋላ ያገኛል። አንዱ ደካማ ሲሆን በሁለቱ መሃል ትንሽ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል። የጄኔሬተሩ ድምፅ በዚያች ልዩነት ላይ ተሳፍሮ ወደ ሙዚቃው ይገባል። ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት ፍቄ ላሜራው እስኪያበራ አጸዳሁት። አሰርኩ፤ እንዳይዝግ በቅባት ሸፈንኩት። ፉጨቱ በጣም ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም።

ሁለተኛውን ያገኙት ጋሼ ናቸው። ከቴፑ ወደ አምፑ የሚሄደውን የድምፅ ገመድ ከመኪናዋ ዋና ገመድ ጋር አንድ ላይ አስሬው ነበር። «ሹክሹክታ የምትሰማውን ልጅ ከጯሂው ጎን አስቀመጥካት» አሉኝ። ምንጣፉን እንደገና አንስቼ በሌላው ወገን አሳለፍኩት። ጸጥ አለ።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ዛሬ ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያደረገኝ ነገር ገጠመኝ።

በገና 10 አውታር አለው። በእያንዳንዱ አውታርና በብርኩማው መሃል እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋን ይነካል። ያ ንብ የሚመስለው እዝዝታ የሚወጣው ከእሷ ነው። ያለ እንዚራ በገና ለስለስ ያለ፣ ጭር ያለ ነገር ይሆናል።

ብቻዬን ስነዳ፣ አንድ አውታር ላይ እዝዝታው በዛብኝ። ከበገናው ነው ከበሩ? መለየት አቃተኝ። ሌላ ሙዚቃ ቢሆን የበር መንቀጥቀጥ ወዲያው ይታወቃል። በገና ግን ራሱ ያንቀጠቅጣል። ያ አውታር ሲመታ ይመጣል፤ ሲያልፍ ይሄዳል። በእጄ በሩን ስጫን ቀነሰ። ከበሩ ነው!

ቤት ስደርስ ስልኬ ላይ ድምፅ ማመንጫ ከፈትኩና ከወፍራሙ ድምፅ፣ ከ40 ኸርዝ፣ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። ከ90 ኸርዝ ትንሽ አለፍ ስል በሩ ጮኸ። ከዚያ በታችም በላይም ዝም። እዚያው ላይ አቁሜ ሽፋኑን አወለቅሁና በጣቴ አንድ በአንድ ነካካሁ። የበሩ መቆለፊያ ዘንግ ነው፤ የምትይዘው የፕላስቲክ ክሊፕ አርጅታ ላልታለች። ዘንጉን በጨርቅ ፕላስተር ጠቀለልኩት። ጩኸቱ ቆመ። ቀኙ በር ላይም ያው ዘንግ፣ ያው ሕክምና።

ከዚያ ደግሞ ያንኑ ቀረጻ ከፈትኩ። የቀረው እዝዝታ የቆዳዋ ብቻ ነበር። ዓይኔ ውስጥ እንባ መጣ። አያቴ ሲደረድሩ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ የሰማሁት እሱን ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ቅኝት። ሰብዉፈር፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ ስፒከር፣ አልገዛም። ምክንያቱን ልናገር።

ወፍራም አውታር ሲመታ መሠረታዊው ድምፅ ዝቅ ያለ ነው። እሱ ቤልትዌይ ላይ ከጎማው ጩኸት ጋር አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፤ ይዋጣል። ያንን በኃይል ማሸነፍ ከባድ ሳጥን ይጠይቃል፤ መኪናዋንም ይከብዳታል። ነገር ግን እንዚራዋ በመሠረታዊው ድምፅ ላይ ብዙ ቀጫጭን ድርብርብ ድምፆች ትጨምራለች። እነሱ ከጎማው ጩኸት በላይ ስለሆኑ ይደርሱናል። የሰው ጆሮ ደግሞ ድርብርቦቹን ከሰማ የተዋጠውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ትንሽ ራዲዮ ላይ ወፍራም የወንድ ድምፅ የምናውቀው በዚሁ ነው። የበገና ደርዳሪዎች ለትልቅ አዳራሽ ሳይሆን ለጸሎት ነው የሠሩት። ግን ያች ቆዳ ለእኔ ጫጫታም ትሠራለች።

ስለዚህ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ከበር ስፒከሮቹ ቆረጥኩት። ያ ከንቱ ጉልበት ነበር። ወረቀቱ ወዲያ ወዲህ መንገዋለሉ ሲቀር መሃለኛው ድምፅ ጠራ። በመሃሉ ላይ 2 ዴሲቤል ያህል ጨመርኩ። ትዊተሩን ዝቅ አደረግሁት፤ ከመስታወቱ ጋር ቅርብ ስለሆነ ይወጋል።

ክብደት ደመርኩ፤ ቡቲል፣ ቪኒል፣ አምፕ፣ ገመድ፣ ሁሉም 8 ኪሎ ተኩል። ወጪው 404 ዶላር። አራቱ ዶላር የጋሼ ቡና ነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ ሆሣዕና

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ዘንባባዋን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ቤልትዌይ ላይ እስክንወጣ ምንም አልከፈትኩም። 55 ማይል ላይ ስንደርስ ቴፑን ከግማሽ በታች ከፈትኩት።

ድልድዩ ላይ ደረስን። አልተናገረችም። ዓይኗን ጨፍናለች። ከንፈሯ ግን ከደርዳሪው ጋር ይንቀሳቀሳል። ቃሎቹን እየሰማች ነው።

ሜሪላንድ ከገባን በኋላ ዓይኗን ገለጠች።

«ልጄ።»

«አቤት እማዬ።»

«አንዱ አውታር ወርዷል። ሳይቃኘው ነው የቀረጸው።»

ማታ ቤት ስገባ በጆሮ ማዳመጫ ደግሜ ሰማሁት። እውነቷን ነው፤ አንዱ ትንሽ ዝቅ ብሏል። ያንን ቀረጻ ዓመታት ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን አላስተዋልኩትም።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቀረው፦ የግራው በር ሽፋን አንድ ክሊፕ፣ የትዊተሩ ሽፋን ቀለም፣ የጋሼን ካቻቢቴ መመለስ።